በሐሙሲትና በፎገራ ሜዳ ስለሚገኙ መዥገሮችና ደም መጣጭ ነፍሳት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የጣናን ሐይቅ በስተ ግራው አድርጎ ጥቂት እንደ ተጓዘ ሐሙሲት ይደርሳል። ሐሙሲት በደራ ወረዳ የምትገኝ፥ ስሟንም ከሐሙስ ገበያ ያገኘች ከተማ ናት። ከዚያ አልፎ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር የፎገራ ሜዳ ይዘረጋለታል፤ ወረታም የምትገኘው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ ከወረታ ወዲያ ደግሞ የርብ ወንዝ አለ። ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ወገን የሚወርዱ ስለ ሆነ በክረምት ወራት ብዙ አፈርና ውሃ ተሸክመው መጥተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ክረምቱ ሲያልፍ ውሃው ወደ ሐይቁ ይሸሻል፤ በስፍራውም ጥቁር ጭቃ፥ ለምለም ሣርና ኩሬ ይቀራል። ዝነኛው የፎገራ ከብት የሚሰማራው በዚህ ሣር ላይ ነው፤ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች አማካይነት የገባው ሩዝም የሚዘራው በዚህ ጭቃ ላይ ነው። እንግዲህ ለከብትና ለሩዝ የተመቸው መሬት ለመዥገርና ለትንኝም የተመቸ መሆኑ አያስደንቅም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነን የራሳችን ስሕተት ነው። በመስከረም መጨረሻ አራት ሆነን ስለ ሐሙሲት ገበያ ጥቂት ማስታወሻ ለመሰብሰብ ሄደን ነበር። ረቡዕ ማታ ደረስን፤ ሐሙስ በገበያው ዋልን፤ ዓርብ ከከተማው ወጣ ብለን በግጦሽ ላይ ካሉ እረኞች ጋራ ስንነጋገር ዋልን፤ ቅዳሜ ተመለስን። በተከታዩ ማክሰኞ ከመካከላችን አንዱን ብርድ ብርድ አለውና ትኩሳት ያዘው፤ ራሱንም እጅግ አመመው። እኛም ብዙ ሳናስብ «ፎገራ ሄዶ የታመመ ሰው በሽታው ወባ ነው» አልንና ደሙን ሳናስመረምር ሦስት ቀን የሚዋጠውን የወባ መድኃኒት ገዝተን ሰጠነው። መድኃኒቱ ቢያልቅም ትኩሳቱ አልለቀቀውም። ከዚያ በኋላ የወሰድንበት ሐኪም አስቀድሞ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በየትኛው ቀን ደረሳችሁ?» አለን። ቀኖቹን በጣቱ ቈጥሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያም ልብሱን እንዲያወልቅ አዘዘው። በጉልበቱ መታጠፊያ ጥቁር ቅርፊት ያለበት ትንሽ ቍስል፥ በብሽሽቱም ያበጠ ንፍፊት ተገኘ። ደሙ ሲመረመር የወባ ተሕዋስ አልነበረበትም። ሐኪሙም ይህ የመዥገር ትኩሳት ነው ብሎ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት አዘዘለት፤ በሁለት ቀን ውስጥም ትኩሳቱ ወረደ።

ከዚህ በኋላ በሜዳው ስለሚነክሱት ጥቃቅን ፍጥረቶች ያለንን ዕውቀት ብንመረምረው እጅግ ትንሽ ሆኖ አገኘነው። በየዓመቱ ብዙ ተማሪ ለጥናት ወደዚህ አገር ስለሚወርድ፥ ያነበብነውንና ያየነውን ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎናል።

በመጀመሪያ ስለ መዥገር እንናገር። ብዙ ሰው መዥገርን ከቁንጫና ከትኋን ጋራ አንድ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን መዥገር የሸረሪት ወገን ነው። ይህም በእግሮቹ ቍጥር ይታወቃል፤ ያደገ መዥገር ስምንት እግር አለው። ከዕንቁላል እንደ ወጣ ግን ስድስት ብቻ ስለሚኖሩት በነፍሳት ቢሳሳት ተመልካቹ አይፈረድበትም። ደም ጠጥታ የጠገበች እንስት ከከብቱ ላይ ወድቃ በመሬት ላይ በሺህ የሚቈጠር ዕንቁላል ትጥልና ትሞታለች። የተፈለፈሉትም ደም እየጠጡ፥ ቆዳቸውን እየለወጡ ያድጋሉ። በአንድ ከብት ላይ ተወልዶ አድጎ የሚጨርስ ዓይነት አለ፤ ሦስት ጊዜ ወርዶ ሦስት ልዩ ልዩ እንስሳ ላይ የሚወጣም አለ። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው በማዛወር ረገድ ብዙ ነገር ይወስናል።

በአገራችን ከብት ላይ ከሚበዙት ዓይነቶች ውስጥ አንዱ ሳይንቲስቶች አምብልዮማ ቫሪየጋተም የሚሉት ነው። ተባዕቱ ጀርባው ወደ ብርቱካን የሚያደላ፥ በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረ፥ እግሮቹም በነጭ ቀለበት ያጌጡ ስለ ሆነ ለዓይን ያምራል ቢባል ሐሰት አይሆንም። እንስቲቱ ጠግባ ስታብጥ የባቄላ ፍሬ ታህላለች። የሚወደውም ስፍራ የላሟ ጡት፥ ብሽሽትና የፍርምባ ሥር ነው። አፉ ረዥም ስለ ሆነ የሚያቈስለው በጥልቀት ነው፤ በጡቷ ላይ ቍስል የበዛባት ላም አንዱ ጡቷ ሊደርቅ ይችላል፤ ወተቷ ለተመሰገነው ለፎገራ ላም ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። በልብ ከረጢት ውስጥ ውሃ የሚያስቋጥረውን በሽታ ለከብት፥ ለበግና ለፍየል የሚያስተላልፈውም ይኸው ነው። ጓደኛችንን ያመመውን የትኩሳት ተሕዋስ ሪኬትሲያ አፍሪካይ ይሉታል፤ አስቀድሞ ከተገኘባቸው መካከል አንዱ በኢትዮጵያ ከከብት ላይ የተለቀመ እንደዚህ ያለ መዥገር መሆኑን ስናነብ ተገረምን። ሰማያዊ መልክ ያለው ትንሹ የከብት መዥገር፥ እንዲሁም በከብቱ ጅራት ሥር መጠጋት የሚወደው ቀይ እግሩ መዥገር ሌሎቹ ናቸው፤ ሰውን ብዙ ስለማይነኩ ግን በነርሱ ላይ አንቈይም።

ስለ መጀመሪያው ዓይነት አንድ ነገር መጨመር አለብን። ከእረኞቹ አንዱ፥ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ያህል የሚሆን ልጅ፥ ከብት በተኛበት ደረቅ ስፍራ ላይ ልንቀመጥ ስንል «ጋሼ፥ እዚያ አትቀመጡ፤ መዥገሩ ይሮጥባችኋል» ብሎ ነበር። እኛ ግን መዥገር በሣር ጫፍ ተንጠልጥሎ የሚያልፈውን የሚጠብቅ እንጂ የሚሮጥ መሆኑን ስላልሰማን ሥቀን ተቀመጥን። በኋላ መጽሐፍ ስናገላብጥ ልጁ እውነቱን ነው። አብዛኞቹ መዥገሮች በሣር ላይ ይጠብቃሉ፤ ያደገው አምብልዮማ ግን በመሬት ላይ በቅጠልና በአፈር ውስጥ ተደብቆ ይቈይና ከብት ወይም ሰው ሲተነፍስ የሚወጣውን አየር ሲሰማ ከተደበቀበት ወጥቶ ወደዚያው እየሮጠ ይመጣል። ስለዚህ በረዥም ሣር ውስጥ አልፎ ከመሄድ ይልቅ ከብት ባረፈበት ቦታ ረዥም ጊዜ መቀመጥ ለዚህ መዥገር ይበልጥ ያጋልጣል። ይህን ዕውቀት ያገኘነው በአንድ ጓደኛችን ጤና ዋጋ ነው።

መዥገር ተጣብቆ ሲገኝ ምን ይደረግ? በየአገሩ ላምባ የሚያፈስበት፥ ቅቤ የሚቀባው፥ የሲጋራ እሳት የሚያስጠጋበት ሰው አለ። እነዚህ ሁሉ አይጠቅሙም፤ እንዲያውም መዥገሩ ሲጨነቅ በሆዱ ያለውን ወደ ቍስሉ መልሶ ሊያስገባ ስለሚችል ይጎዳሉ። የሚሻለው እሾህ የምናወጣበትን ወረንጦ ወስዶ፥ መዥገሩን በሆዱ ሳይሆን ከቆዳ አጠገብ በአፉ በኩል ይዞ፥ ሳይጠመዝዙ በዝግታ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ከዚያ ስፍራውን በሳሙናና በውሃ ማጠብ ይገባል። በጣት ጥፍር መካከል አድርጎ መጨፍለቅ መጥፎ ልማድ ነው፤ በጥፍር ሥር ጭረት ቢኖር ተሕዋሱ በዚያ ሊገባ ይችላል። መዥገር ቶሎ በተነቀለ መጠን በሽታ የማስተላለፍ ዕድሉ ያንሳልና፥ በየማታው ልብስን አውልቆ ብብትን፥ ብሽሽትን፥ የጉልበትን መታጠፊያና የጆሮን ኋላ መፈተሽ ከመድኃኒት ሁሉ የሚረክስ መከላከያ ነው። ሱሪን በካልሲ ውስጥ አግብቶ መሄድም ለዓይን ባያምር ይጠቅማል።

ስለ ዝንቦች በአጭሩ እናልፋለን። ከብቱን ቀን የሚያሠቃዩት ትልልቁ ተናካሽ ዝንብና የቤት ዝንብ የምትመስለው፥ ነገር ግን እንደ መርፌ ወደ ፊት የቀና አፍ ያላት የበረት ዝንብ ናቸው። ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያመጣው ጼጼ የተባለው የቆላ ዝንብ ብቻ ነው ብለን ተምረን ነበር፤ ጼጼ ግን በጣና ዳር የለም። እንዲህም ሆኖ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ከብት በገንዲ ይታመማል። ይህን የሚያደርገው ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የተባለው ተሕዋስ ነው፤ ተናካሹ ዝንብ ከታመመው ከብት ላይ ሲባረር ደም በአፉ እንደያዘ ወደ ጤነኛው ሄዶ ስለሚነክስ እንደ ተበከለ መርፌ ሆኖ ያስተላልፈዋል። ሰውን ግን ይህ በሽታ አይነካም። ማታ ማታ ባለ ከብቶች በበረት ደጃፍ ኩበት ሲያጨሱ ከብቶቹ ራሳቸው መጥተው ጭሱ ውስጥ ይቆማሉ፤ ማን ለማን እንዳስተማረው መጠየቅ ያምረናል። ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ እነዚህን ዝንቦች ይጠራል፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው እምብዛም አይሰደድም፤ መዥገርም በነጭ ልብስ ላይ ቶሎ ይታያል።

ወባን በሚመለከት የአገራችን ሰው ብዙ ስለሚያውቅ እኛ የምንጨምረው ጥቂት ነው። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ብዙዎች ይህን ከፍታ ሲሰሙ ለወባ የማያሰጋ ደጋ ይመስላቸዋል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ የጨረሰው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የሚኖረውን ሕዝብ ነበር፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። በዓመቱ በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። የዚህ ጥፋት ምክንያት ሲመረመር፥ በቆላ የሚኖር ሰው በየዓመቱ እየታመመ በሽታውን የመቋቋም ኀይል ሲያገኝ፥ የወይና ደጋ ሰው ግን ዝናቡና ሙቀቱ በበዛበት ዓመት ብቻ ስለሚያገኘው ሰውነቱ ሳይዘጋጅ ይወድቃል። ፎገራም በዚሁ መካከል ያለ አገር ነው።

በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ትባላለች። ንጹሕ፥ ጥልቀት የሌለውና ፀሐይ የሚያገኘው ውሃ ትወዳለች፤ የከብት ኮቴ የረገጠው ጭቃ፥ የሩዝ ማሳ፥ ጡብ የተቈፈረበት ጉድጓድ፥ ርብና ጉማራ ሲጎድሉ የሚቀረው ኩሬ ሁሉ ይበቃታል። ስለዚህ የሚከፋው ዝናቡ በሚወርድበት ጊዜ ሳይሆን ካቆመ በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ወራት ነው፤ ይህም የአዝመራው ጊዜ ነው። ተማሪ ለጥናት የሚወጣበትም ወራት ይኸው መሆኑን ልብ ይሏል። ይህች ትንኝ ከብትንም ሰውንም ትነክሳለች፤ ቤት ውስጥም ውጭም ትነክሳለች፤ አንዳንዴም ሰው ሳይተኛ ገና በምሽቱ ትጀምራለች። እንግዲህ አጎበር ጥሩ መከላከያ ቢሆንም በደጅ እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ለሚያወጋ ሰው በዚያ ሰዓት አያገለግለውም። በዚያን ጊዜ እጅጌ ያለው ልብስ፥ ካልሲና ዲት የተባለውን ቅባት መጠቀም ይሻላል። ጡንጅት የተባለውን ቅጠል አጭሶ ቤትን ማጠንም የቈየ ልማድ ነው፤ ጭሱ ትንኝን ማራቁ እውነት ነው፤ ሲጠፋ ግን ትንኟ ትመለሳለች።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ልንናገርለት ወደምንፈልገው ነገር ደርሰናል። ከፎገራ በስተ ሰሜን የሊቦ ከምከም ወረዳ አለ፤ ዋና ከተማውም አዲስ ዘመን ነው። በዚያ ወረዳ ሰዎች ለብዙ ሳምንት በትኩሳት እየማቀቁ፥ ሆዳቸው በጣፊያ እየተነፋ፥ ሥጋቸው እየከሳ መሞት ጀመሩ። በሽታው ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ሲሰጥ ባለመዳኑም ወባው መድኃኒቱን ተለማመደው ተባለ። እውነተኛ ስሙ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው፤ ካላዛር ነበረ። ካላዛር ከዚያ በፊት የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ መሆኑ እንጂ በዚህ ደጋ ይገኛል ተብሎ አይጠረጠርም ነበር። ብዙ ሰዎች እንደሚያስቡት ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደዚያ ቆላ በየዓመቱ የሚወርዱት ሠራተኞች በደማቸው ይዘውት ሳይመጡ አልቀሩም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን ማከሚያ አቋቁሞ ከግንቦት 1997 እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ያከማቸው ሰዎች መዝገብ ሲጠና፥ የበሽተኞቹ የመካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት፥ ከመቶው 77.6 ወንዶች፥ ከታከሙትም ከመቶ 6.5 የሚሆኑት እንደ ሞቱ ታወቀ። ሳይታከም የቀረ ሰው ግን ከጥቂቶች በቀር አይተርፍም። ወረርሽኙ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ሁለት ወረዳ ከተስፋፋ በኋላ በአካባቢው የሚኖር በሽታ ሆኖ ቀረ።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ስሟ ዝንብ ይሁን እንጂ ከትንኝ እንኳ ታንሳለች፤ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ጠጕራም ናት፤ ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ ከፍታ ትይዛለች፤ ስትበር ድምፅ የላትም፤ ደካማ በራሪ ስለ ሆነች ጥቂት ነፋስ ይበቃታል። ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። ዋናው ነገር ግን ዕንቁላሏን በውሃ ላይ አትጥልም፤ የምትራባው እርጥበትና ብስባሽ ባለበት አፈር ውስጥ፥ በዋልካ መሬት ስንጥቅም ውስጥ ነው። ኩሬ ማድረቅ ለወባ ይጠቅማል፤ ለአሸዋ ዝንብ ግን ምንም አያደርጋትም። በሱዳን ጠረፍ ይህች ዝንብ ግራር በበቀለበት ጥቁር ዋልካ ላይ እንደምትበዛ ከብዙ ጊዜ በፊት ታውቋል። በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ጊዜም 171 በሽተኞችን ከ171 ጤነኞች ጋራ እያስተያዩ የመረመሩ ሊቃውንት፥ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡት በክረምት በግራር ዛፍ ሥር የሚተኙ፥ ሌሊት በደጅ ማደር ልማዳቸው የሆነና ውሻ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን አሳዩ። ስለ ውሻው ነገሩ ገና ያልተቋጨ ነው። እነዚሁ ሊቃውንት አጎበር የሚጠብቀው ለበሽታው ከተጋለጡት ሰዎች ከፊሉን ብቻ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል።

ይህን ካነበብን በኋላ በሁለተኛው ጉዟችን እንደ ዐዋቂ ሆነን ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ «አባባ፥ ልጆቹ በደጅ ባይተኙ፥ በግራር ሥርም ባያርፉ መልካም ነው» ብለን ነበር። እርሳቸውም ታግሠው አዳመጡንና «እንግዲህ ከብቱንስ ማን ይጠብቅ ልጄ? ጥላውስ ከየት ይምጣ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በሜዳው ላይ ለጥላ የሚሆን ዛፍ ከቶ ጥቂት ነው፤ ሩዝና ጤፍ ሲደርስ በማማ ላይ አድሮ የማይጠብቅ ሰው እህሉን ለአሳማና ለሌባ ያስረክባል። በመዝገቡ ላይ ከመቶ 77.6 ወንዶች፥ ይልቁንም ወጣቶች መሆናቸው የማነው ሥራ እንደ ሆነ ይነግረናል። ስለዚህ «በደጅ አትተኙ» የሚለው ምክር ለኛ ለተማሪዎች እንጂ ለእረኛው ብዙም አይረባም። ለርሱ የሚቀርበው ማማው ላይ የሚሰቀል በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፥ በፐርሜትሪን የታጠበ ጋቢ፥ ከብቱም በዴልታሜትሪን የሚቀባበት መንገድ ነው ብለን እናስባለን፤ የመጨረሻው መዥገሩንም ዝንቡንም አብሮ ስለሚቀንስ ባለ ከብቱ በገዛ ጥቅሙ ይቀበለዋል። የአሸዋ ዝንብ በተራ አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ ስለምትችል አጎበሩ በመድኃኒት የተነከረ መሆኑ ለርሷ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሐኪሙ በጣቱ የቈጠረው ቀን ምን እንደ ነበረ አሁን ገብቶናል። ከመዥገር የሚመጣው ትኩሳት ከተነከሱ ከ5 እስከ 10 ባለው ቀን ይጀምራል። ወባ ግን ትንኟ ከነከሰች ከ7 ቀን በፊት አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይፈጃል፤ ቪቫክስ የተባለው ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ካላዛር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይቈያል። ጓደኛችን ሐሙሲት ከደረሰ በ6ኛው ቀን ስለ ታመመ በዚያ ጉዞ ወባ ሊይዘው አይችልም ነበር። በተቃራኒው በኅዳር ወር ፎገራ ሄዶ በሚያዝያ የታመመ ተማሪ፥ ትኩሳቱም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቈየና ጣፊያው ካበጠ፥ ጉዞውን ረስቶት ለሐኪም ሳይናገር ይቀራል፤ ከተማ ውስጥ ያለ ሐኪምም ካልተነገረው ካላዛርን ላይጠረጥር ይችላል። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ይጀመራል፤ ሕክምናውም 17 ቀን በየቀኑ የሚወጋ የሁለት መድኃኒት ድብልቅ ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ በሽታ የተለየ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ።

እኛም ከዚያ ወዲህ በማስታወሻ ደብተራችን መጀመሪያ ገጽ ላይ ከጥናቱ ርእስ በላይ የደረስንበትን ቀን፥ የተመለስንበትን ቀንና ሌሊቱን በምን ዓይነት ስፍራ እንዳደርን እንጽፋለን፤ ደብተሩንም ጥናቱ ካለቀ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ አንጥለውም። ወረንጦውን ግን የታመመው ጓደኛችን ራሱ ይይዛል፤ ለሌላ ሰው አላምንም ይላል።